ስንቃችሁ እስከ ቀትር ይቆያል? ወደ ሎጎ ሐይቅ ለሚወርዱ ዓሣ አጥማጆች

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ አንድ ጉዳይ ላይ ያጠነጥናሉ። ክረምቱ ወጣ፣ ጭቃው ደረቀ፣ የደሴና የኮምቦልቻ ሰው መንጠቆውን ከቆጥ አወረደ። ሐይቅ ከተማ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሎጎ ሐይቅ ደግሞ ከከተማው ትንሽ እልፍ ብሎ ነው። ጠዋት ሄዶ ማታ ቤት መግባት ይቻላል። ስለ መንጠቆ የጠየቀኝ ጥቂት ሰው ነው፤ የብዙዎቻችሁ ጥያቄ ስለ ስንቅ ነው። ደስ ብሎኛል። ዓሣ ሳይያዝ እንኳ ደስ ብሎን የተመለስንበት ቀን ብዙ ነው፣ ስንቅ ተበላሽቶ ግን ደስ ብሎት የተመለሰ ሰው አላየሁም።

አሰላሙ አለይኩም ጋሼ። ኮምቦልቻ የምንኖር አራት ጓደኛሞች ነን፣ ሁለታችን ሙስሊም ሁለታችን ክርስቲያን። በወር አንድ ቅዳሜ ሐይቅ እንወርዳለን። ባለፈው ከክርስቲያኖቹ ጓደኞቻችን ቤት ዶሮ ጥብስ በእንጀራ ተሠርቶ ይዘን ሄድን። ምሳ ሰዓት ስንከፍተው ሽታው ትንሽ ተቀይሯል። እነሱ "ምንም አልሆነም" ብለው በሉት፣ እሁድን በሆድ ቁርጠትና በተቅማጥ አሳለፉ። እኛ ሁለታችን ደግሞ ሥጋው የክርስቲያን እርድ ስለሆነ ደረቅ ዳቦ በልተን ዋልን። ሁላችንም የምንበላው፣ የማይበላሽ ምን ይዘን እንሂድ?

ወአለይኩም ሰላም ወንድሜ። ጓደኞችህን እንኳን አተረፋቸው፣ ከዚህ የባሰም ይመጣ ነበር።

ጥፋቱ የዶሮው አይደለም፣ የሰዓቱ ነው። እስቲ ቁጠረው። ማታ 3 ሰዓት ላይ ተሠራ እንበል፤ ሳይቀዘቅዝ ምሳ ዕቃ ውስጥ ተከደነ፤ ሌሊት 11 ሰዓት መኪና ውስጥ ገባ፤ የተከፈተው ቀን 7 ሰዓት ላይ ነው። 16 ሰዓት ሆነው። የበሰለ ሥጋ ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት መሀል ሲቀመጥ ባክቴሪያ ይራባበታል፣ ሁኔታው ከተመቸው በ20 ደቂቃ ውስጥ እጥፍ ይሆናል። ለዚህ ነው የበሰለ ምግብ ያለ ቅዝቃዜ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ የሚባለው፣ አየሩ ከ32 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ ከ1 ሰዓት በላይ። ሽታም አያስጠነቅቅም፤ ብዙ ጊዜ ምግቡ ሳይሸት በፊት ነው የሚያሳምመው። ደግሞ "እሳት አንድደን እናሞቀዋለን" እንዳትሉ፣ አንዳንዱ ባክቴሪያ የሚተወው መርዝ በማሞቅ አይጠፋም።

የእኛ አገር መንገድ ደግሞ ያታልላል። ከኮምቦልቻ ስትነሱ አየሩ ለስላሳ ነው፣ ደሴ ስትደርሱ ከ2,400 ሜትር በላይ ነውና ጃኬት ያስደርባል፣ ቦሩ ሜዳ ላይ ጣት ይደነዝዛል። "በዚህ ብርድ ምን ይበላሻል?" ያሰኛል። ከዚያ ግን መንገዱ ቁልቁል ነው፣ ሐይቁ ከደሴ ብዙ ዝቅ ይላል። 5 ሰዓት ሲሆን ጃኬቱ ወልቆ ስንቁ ላይ ይጣላል፣ ከሥሩ ያለው ምሳ ዕቃ እንደ ምጣድ ይሞቃል። ስለዚህ ስንቅ ስታዘጋጁ የምትነሱበትን ሰዓት ብርድ እርሱት፣ የ7 ሰዓቱን ፀሐይ አስቡ።

አሁን ወደ ምግቡ። የጠየቅከኝ ሁለት ነገር ነው፣ የማይበላሽና ሁሉም የሚበላው። መልሱ ለሁለቱም አንድ መሆኑ ነው ደስ የሚለው፦ የደረቀ የጾም ምግብ። ሥጋም ቅቤም ወተትም ከሌለው የማን እርድ ነው የሚል ጥያቄ የለም፣ ረቡዕና ዓርብ የሚጾምም ይበላዋል፣ ቶሎ የሚበላሸው ነገርም ከነጭራሹ የለበትም።

እኔ መጀመሪያ የምይዘው ድርቆሽ ነው። ድርቆሽን ቤት የተረፈ እንጀራ ማጥፊያ አድርጎ የሚያየው ሰው ብዙ ነው፤ ለመንገድ ግን የሚተካከለው የለም። እንጀራውን ቆራርጣችሁ ንጹሕ ሰፌድ ላይ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ አስጡት። በጣታችሁ ስትሰብሩት "ቀጭ" ብሎ ከተሰበረ ደርሷል፣ ከታጠፈ ገና ነው፣ ውስጡ እርጥበት አለ፣ ይሻግታል። በጨርቅ ከረጢት ያዙት። በትንሽ ክዳን ባለው ጠርሙስ በርበሬ፣ ጨውና ዘይት አዋህዳችሁ ያዙ። ሽንኩርቱን ከነልጣጩ ሙሉውን ያዙ፣ እዚያው ትከትፉታላችሁ። ምሳ ሲደርስ ድርቆሹን ሳህን ላይ አድርጋችሁ በርበሬውን በዘይት አፍሱበት፣ ከፔርሙዝ ሙቅ ውሃ ጠብ ጠብ አድርጉበት፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ጨምሩ፣ 5 ደቂቃ ክደኑት። አለቀ። ሐይቁ ዳር ተቀምጦ ትኩስ ፍርፍር መብላት ማለት ምን እንደሆነ ስትቀምሱት ትነግሩኛላችሁ።

ሁለተኛው በሶ ነው። በሶ የወታደርም የነጋዴም ስንቅ ሆኖ የኖረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ገብሱ ተቆልቶ ስለተፈጨ ምግቡ አንዴ በስሏል፣ ውሃ ብቻ ነው የቀረው። ዱቄቱን በደረቁ ያዙት። ጠዋት ቤት ለውሳችሁ አትውሰዱ፤ ውሃ የነካው በሶ ከሰዓት በኋላ ይኮመጥጣል። እዚያው በትንሽ ውሃ፣ ጨው፣ በርበሬና ዘይት አሽታችሁ ጭብጦ ብታደርጉት አንዱ ጭብጦ እስከ ማታ ይይዛል። ጭኮ የሚወድም ይኖራል፣ እኔም እወዳለሁ፣ ግን ቅቤ አለው፤ ለሚጾም አይሆንም፣ ፀሐይ ላይም ቅቤው ቀልጦ ቦርሳውን ያበላሸዋል።

ዳቦ ከሆነ ድፎ ይሻላል። በኮባ የተጋገረ ድፎ ሁለት ቀን ሳይደርቅ ይቆያል። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ትኩሱን ፌስታል ውስጥ አትክተቱት። እንፋሎቱ ፌስታሉ ላይ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠብና የዳቦው ቅርፊት እንደ ስፖንጅ ይልፈሰፈሳል፣ በማግስቱ ሻጋታ ይጀምረዋል። እንጀራም እንዲሁ ነው፣ ሳይበርድ ከታሰረ ያልበዋል። አብርዳችሁ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሉ። አገልግል ያላችሁ ሰዎች ደግሞ አውጡት እንጂ! ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ጌጥ እንዲሆን አይደለም የተሠራው፣ ቆዳ የለበሰው ለመንገድ ነው።

ለመቆርጠም ቆሎና ዳቦ ቆሎ ያዙ። መንጠቆ ጥሎ መጠበቅ ረጅም ነው፣ አፍ ሥራ ይፈልጋል። ገብስ፣ ሽምብራ፣ ሱፍና ኦቾሎኒ የተቀላቀለበት ቆሎ ጉልበት አለው። ቴምርም እንዲሁ። ከፍራፍሬ ብርቱካን ይሻላል፣ ልጣጩ ራሱ መጠቅለያው ነው። ሙዝ ከላይ ይቀመጥ፣ ያለዚያ ስትደርሱ ገንፎ ሆኖ ነው የምታገኙት።

ሥጋ ካልያዝን ቀኑ አይሞላም የምትሉ ከሆነ ደህና አድርጎ የደረቀ ቋንጣ ይቆያል። ግን ያው የእርዱ ጥያቄ ይመለሳል። ሁለት ቦታ ተከፍላችሁ ከምትበሉ ለአንድ ቀን ሥጋውን ብትተዉት ይሻላል ባይ ነኝ። ደግሞ እኮ የሄዳችሁት ዓሣ ልትይዙ ነው፤ ዓሣ ላይ "ማን አረደው?" የለም። ለሚጾመው ጓደኛችሁ ግን በጾም ዓሣ ይበላ እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁት፣ ሁሉም ሰው እዚህ ላይ አንድ አይደለም።

የመጨረሻው የእጅ ጉዳይ ነው። ትል መንጠቆ ላይ የሰካ፣ አምባዛ የያዘ እጅ ዝልግልጉ በቀላሉ አይለቅም። የሐይቁን ውሃ ብቻ ነክቶ "ታጠብኩ" ማለት መታጠብ አይደለም። ሳሙና ያዙ፣ ለእጅ ብቻ የሚሆን ውሃም በትንሽ ጀሪካን ለብቻ ያዙ። ዳቦውንና ጭብጦውን ደግሞ ቤት በንጹሕ ወረቀት ለየብቻ ብትጠቀልሉት ወረቀቱን ይዛችሁ ትበላላችሁ፣ ምግቡን ጣት አይነካውም። ጋዜጣ አይሁን፣ ቀለሙ ዘይት ሲነካው ይለቃል።

ደሴ የምኖር እናት ነኝ። የ12 ዓመት ልጄን አጎቱ ዓሣ ማጥመድ ሊወስደው ነው፣ የመጀመሪያው ነው። ልጁ ከብስኩትና ከታሸገ ጁስ ሌላ ከቤት ውጪ አይበላም። አጎቱ ደግሞ ምግብ የሚባል ነገር የማያስታውስ ሰው ነው። ምን ልቋጥርለት?

እህቴ፣ ለልጁ ብቻ አትቋጥሪ፣ ለአጎቱም ቋጥሪ። ምግብ የሚረሳ ሰው ልጁም እንደራበው አይታየውም። እንዲያውም ሰዓቱን ተናገሪ፦ 3 ሰዓት ላይ ቁርስ፣ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ምሳ፣ 9 ሰዓት ላይ ፍራፍሬ። አጎት ጫት የሚይዝ ከሆነ ደግሞ ይህ ይበልጥ ያስፈልጋል፣ ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ የሱ ሆድ ዝም ሲል የልጁም ዝም ያለ ይመስለዋል።

ብስኩቱን አልቃወምም፣ ብስኩት አይበላሽም። ችግሩ ስኳር ብቻ የበላ ልጅ ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ይነጫነጫል። ከብስኩቱ ጋር ኦቾሎኒ በትንሽ ጠርሙስ ጨምሪለት። አነባበሮ ይወዳል? በርበሬውን ቀንሰሽ በዘይት ሥሪለት፣ እንደ ኬክ ሦስት ማዕዘን አድርገሽ ቁረጪው። ልጆች በእጃቸው ይዘው የሚሮጡበትን ነገር ይበላሉ፣ ቁጭ ብለው ሳህን አይጠብቁም።

ድንች ቅቅል ከነልጣጩ፣ ጨው በወረቀት ቋጥረሽ። እንቁላል ቅቅልም ጥሩ ነው፣ ግን ሁለት ነገር ልብ በዪ። አንደኛ፣ ደሴ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም፣ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል፤ ስለዚህ እንቁላሉ ቆላ ከሚቀቀለው ትንሽ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል፣ አስኳሉ እስኪደርቅ ቀቅይው። ሁለተኛ፣ ልጣጩን አትንኪ፣ እዚያው ራሱ ይላጠው። ድንቹም እንቁላሉም የበሰለ ምግብ ነውና በረዶ የሆነ ውሃ አጠገብ ይቀመጥ።

የበረዶው ነገር ቀላል ነው። ማታ የሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ ሞልተሽ ፍሪጅሽ ውስጥ በረዶ ቤቱ ጋ አስገቢው። አፉ ድረስ አትሙይው፣ ውሃ በረዶ ሲሆን ይሰፋል፣ ጠርሙሱን ይሰነጥቀዋል፤ አራት ጣት ያህል ተዪለት። ጠዋት በፎጣ ጠቅልለሽ ከምግቡ ጋር ቦርሳ ውስጥ አስቀምጪ። እስከ ምሳ ምግቡን ያቀዘቅዛል፣ ከሰዓት በኋላ ራሱ ቀዝቃዛ ውሃ ሆኖ ይጠጣል። መብራት ሄዶ በረዶው ካልሠራ እንቁላሉንም ድንቹንም ተዪው፣ በደረቁ ምግብ ይዋል። ጁሱን አንድ ብቻ ስጪው፣ ቀሪው ውሃ ይሁን።

ቦርሳው መሬት ላይ አይቀመጥ በይው። ጉንዳን ከዓሣ አጥማጅ ቀድሞ ይደርሳል፣ ቅርንጫፍ ላይ ይስቀለው፣ ጥላው ሲዞር እሱም ያዙረው።

መጠጥስ? ከጓደኞቼ ጋር ስንሄድ አንዱ ቢራ ይይዛል፣ አንዱ ቀሪቦ፣ አንዱ "ሐይቁ ሙሉ ውሃ ነው ምን አሸከማችሁ" ይላል። ቡናስ ይያዛል? ምን ያህል ውሃ ነው የሚበቃው?

ከሦስተኛው ጓደኛህ ልጀምር፣ እሱ ነው ያስፈራኝ። የሐይቁን ውሃ አትጠጡ። ከብትም ይጠጣበታል፣ ልብስም ይታጠብበታል፣ ጎርፍ ከማሳውም ከመንደሩም እየጠረገ ያስገባበታል። ውሃ ከቤት ያዙ። የቧንቧው ውሃ ካጠራጠረህ ቤት አፍላው፤ እንደ ደሴ ከ2,000 ሜትር በላይ ላለ ቦታ ውሃው ከፈላ በኋላ 3 ደቂቃ እሳት ላይ ይቆይ። ወይም የውሃ ማከሚያ ክሎሪን ጨምርበት፣ መጠኑ ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል፣ 30 ደቂቃ ጠብቀህ ነው የሚጠጣው።

በዚያው አንድ ነገር ልጨምር። ቢልሃርዝያ በወሎ ብዙ ቦታ ያለ በሽታ ነው። ይህ በሽታ የሚመጣው ውሃውን በመንካት ነው፤ ትሉ ዳር ዳር ባለው ዝቅተኛ ውሃ ውስጥ ከሚኖር ቀንድ አውጣ ይወጣና በቆዳ በኩል ይገባል። ሱሪ ሰብስቦ በባዶ እግር ውሃ ውስጥ ቆሞ መዋል የለመደ ሰው ቦት ጫማ ቢገዛ ይሻለዋል።

መጠኑን ለጠየቅከው፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ለሚውል ሰው በነፍስ ወከፍ 3 ሊትር ያዙ። ብዙ ይመስላል፣ ማታ ስትመለሱ ግን ባዶ ጠርሙስ ነው የምትቆጥሩት። ውሃ ዳር ነፋሱ ላቡን ቶሎ ስለሚያደርቀው ሰው የላበው አይመስለውም፣ ጥማቱም ዘግይቶ ነው የሚሰማው። ስትሸኑ እዩት፣ ሽንታችሁ እንደ ጠጅ ከቢጫም ከጠቆረ አንሷችኋል። ጨዉን ከድርቆሹና ከቆሎው ታገኙታላችሁ። ራሱን ያመመው፣ ያዞረው ሰው ካለ ጥላ ሥር አስቀምጡትና ከፋርማሲ የሚሸጠውን ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት) ስጡት። እሱ ከሌለ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ላይ 6 የሻይ ማንኪያ ልክ በልክ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ጨዉን በእጅ ግምት አትጣሉበት፣ ሲበዛ ይጎዳል።

ፍሪጅ የሌለው ሰው ውሃውን እንዴት ያቀዘቅዛል? የድሮ ወታደሮች ኮዳ ጨርቅ የለበሰው ለዚህ ነበር። ጀሪካኑን በወፍራም ጨርቅ ጠቅልሉት፣ ጨርቁን አርጥቡት፣ ጥላ ሥር ነፋስ የሚያገኘው ቦታ አስቀምጡት። ውሃው ከጨርቁ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ጨርቁ በደረቀ ቁጥር እንደገና አርጥቡት።

ቡና ይያዛል ወይ? ኧረ ይያዛል! ወሎዬ ሆኖ ያለ ቡና የት ይኬዳል። ፔርሙዙን ቡናው ከመግባቱ በፊት የፈላ ውሃ ሞልታችሁ 5 ደቂቃ አቆዩት፣ ከዚያ ደፍታችሁ ቡናውን ቅዱ። ቀዝቃዛ ፔርሙዝ የመጀመሪያውን ሙቀት ራሱ ነው የሚጠጣው። ስኳሩን ለብቻ ያዙ። በጭጋግ ውስጥ የመጀመሪያውን መንጠቆ ጥሎ፣ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ዛፎች ከወዲያ ማዶ ቀስ እያሉ ሲገለጡ እያዩ አንድ ስኒ መጠጣት፣ ለእኔ የሄድኩበት ግማሹ ምክንያት እሱ ነው።

ቀሪቦ ግሩም ነው። ገብሱም ስኳሩም ጉልበት ይሰጣል፣ አያሰክርም። ግን እርሾ አለበት፣ ሙቀት ሲያገኝ መንገድ ላይም መፍላቱን ይቀጥላል። አንድ ጊዜ ከኋላ ወንበር ላይ የነበረ ጠርሙስ ደሴን ሳናልፍ እንደ ፊኛ ተነፍቶ፣ ስንከፍተው ግማሹ የሚኒባሱ ጣራ ላይ ወጣ፣ የሰው ነጠላ ሁሉ ነጠብጣብ ሆነ። ሩብ ያህል ክፍት ቦታ ተዉለት፣ ክዳኑን እየቆየ ላላ አድርጉትና አየሩ ይውጣ፣ ጥላ ውስጥ ይቀመጥ። ብርዝም ትኩስ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ያው ከቆየ ጠጅ መሆን ይጀምራል።

ቢራው ላይ ግን ግልጽ ልሁን። እኔ ውሃ ዳር አልይዝም፣ ታንኳ ላይ ለሚወጣ ሰውማ በፍጹም። ሎጎ ሐይቅ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ያልፋል፣ ዳሩም ቦታ ቦታው ላይ ድንገት ገደል ይሆናል። ሁለት ቢራ የጠጣ ሰው ሚዛኑ እንደተቀየረ ራሱ አያውቅም። በዚያ ላይ ቢራ ሽንት እያበዛ ያለህን ውሃ ያስወጣል፣ በፀሐይ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። ቢራችሁን ማታ ደሴ ገብታችሁ፣ እግራችሁን ታጥባችሁ ጠጡ።

የያዝነውን ዓሣ እዚያው ጠብሰን ብንበላስ? ስንቅ መሸከም ምን ያስፈልጋል?

ካልያዛችሁስ? መንጠቆ ለማንም ቃል አይገባም። ዓሣውን እንደ ምርቃት ቁጠሩት፣ ምሳውን ያዙ።

ከያዛችሁ ግን ከዚያ የበለጠ ምሳ የለም። ቆሮሶ ወደ ሎጎ ሐይቅ የገባው በ1970 ዓ.ም. አካባቢ ነው፣ ሰው ነው ያስገባው፤ አሁን የሐይቁ ልጅ ሆኗል። ለጥብስ እሱ ይመቻል። አምባዛ ቅርፊት የለውም፣ ሥጋው ወፍራም ነው፣ ለወጥ ይሻላል። የሚያስፈልጋችሁ ጨው፣ ሎሚ፣ ትንሽ ዘይት፣ መጥበሻና ስለታም ቢላ ነው። ዓሣው እንደወጣ ሆድ ዕቃውን አውጡ፣ ደሙን ከቤት በያዛችሁት ውሃ እጠቡ፣ ጎኑን ሦስት ቦታ ሰንጠቅ ሰንጠቅ አድርጋችሁ ጨውና ሎሚ እሹበት። ሥጋው ከአጥንቱ በቀላሉ እስኪላቀቅ፣ ውስጡ መስታወት መምሰሉን ትቶ ነጭ እስኪሆን ጥበሱት። ሎሚ ብቻ አያበስልም፣ መልኩን ነጭ ያስመስለዋል እንጂ ትሉንም ባክቴሪያውንም አይገድልም። ዳቦ የቆረጣችሁበት ቢላና ዓሣ ያረዳችሁበት ቢላ የተለያየ ይሁን።

ቤት ለመውሰድ ያሰባችሁትን ዓሣ ፌስታል ቋጥራችሁ ፀሐይ ላይ አትተዉት፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ዓይኑ ይጠልቃል፣ ሆዱ ይለሰልሳል። ሆዱን አጽድታችሁ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ከበረዶው ጋር አድርጉት፣ ግን ከስንቃችሁ ቦርሳ በተለየ ዕቃ። የዓሣው ውሃ ዳቦው ላይ ከፈሰሰ ዳቦው አለቀለት።

አንጀቱንና ቅርፊቱን ቆፍራችሁ ቅበሩ፣ ፌስታልና ጠርሙሱን ይዛችሁ ተመለሱ። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም እዚያው ሐይቁ ላይ ነው፣ ከ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሰው የሚጸልይበት ቦታ ነው። ነፋሱ የእናንተን ፌስታል ወስዶ እነሱ ደጃፍ ላይ እንዳይጥለው።

አባቴ የስኳር ሕመም አለበት፣ ኢንሱሊን ይወጋል። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ደስታው ዓሣ ማጥመድ ብቻ ሆኗል፣ መከልከል አንፈልግም። ስንቁ ላይ ምን እንጨምር?

አትከልክሉት። ለብቻው ግን አይሂድ፣ አብሮት የሚሄደውም ሰው ሕመሙን ይወቅ።

ለእሱ ከሁሉም የሚያስፈልገው ምግቡን በሰዓቱ መብላቱ ነው። ኢንሱሊን ተወግቶ ዓሣው ነክሶለት ምሳውን ያስተላለፈ ሰው ስኳሩ ይወርድበታል። እጁ ከተንቀጠቀጠ፣ ካላበው፣ ንግግሩ ከተወላገደ ወይም ያለ ምክንያት ከተቆጣ ጊዜ አትስጡት። ወዲያው 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ አጠጡት፣ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳ። ለስላሳው ስኳር ያለው ይሁን፣ "ስኳር የለውም" የተባለው ለዚህ አይረዳም። 15 ደቂቃ ጠብቁ፣ ካልተሻለው ድገሙት፤ ሲሻለው ዳቦ ወይም በሶ ይብላ። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አትስጡ፣ ትን ይለዋል። በጎኑ አስተኝታችሁ ቶሎ ወደ ሐኪም ውሰዱት። ስኳሩና ለስላሳው በስንቅ ቦርሳው ውስጥ ሳይሆን በደረት ኪሱ ይሁን፣ ቦርሳው ከሱ 50 ሜትር ርቆ ዛፍ ላይ ሊሰቀል ይችላል።

ለምሳው ድፎ ወይም ድርቆሽ፣ ሽምብራ ቆሎና ኦቾሎኒ ይስማማዋል። ቴምሩንና ቀሪቦውን ለሌሎቹ ይተውላቸው። ቡናውን ያለ ስኳር ይጠጣ። ኢንሱሊኑን ይዞ ከሄደ ፀሐይ አይንካው፣ መኪና ውስጥም አይተው፤ በረዶውንም በቀጥታ አይንካ፣ በረዶ ሆኖ ከረጋ መድኃኒቱ ይበላሻል። በፎጣ ጠቅልላችሁ ቀዝቃዛው ውሃ አጠገብ አስቀምጡለት። ጫማውም ዝግ ይሁን፣ የስኳር ሕመምተኛ እግር መንጠቆ ቢወጋው ላይሰማው ይችላል፤ ማታ ቤት ሲገባ ካልሲውን አውልቃችሁ የእግሩን መዳፍ እዩለት።